ምንም በማይታይበት ቀዝቃዛ የውሃ ዋሻ ውስጥ እንዴት ተገብቶ ይወጣል?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እዚሁ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ናቸው። ቀይ ባሕር ላይ ወይም ስፔን ሄደው ዳይቪንግ ተምረዋል። ጥርት ያለ፣ ሞቅ ያለ ውሃ ለምደዋል። አንድ ቀን የሜንዲፕ ኮረብቶች ወይም የዮርክሻየር ዴልስ ዋሻዎች ውስጥ ውሃ የሞላቸው መተላለፊያዎች እንዳሉ ይሰሙና ይጓጓሉ። «ግን ውሃው የክረምት ዓባይ ነው የሚመስለው። ምንም ሳይታይህ እንዴት ተመልሰህ ትወጣለህ?» ይሉኛል።

መልሱ አጭር ነው። ስትወጡ ምንም እንደማይታያችሁ ቆጥራችሁ ትገባላችሁ። ስትገቡ ውሃው ጥርት ብሎ ቢጠብቃችሁም እንኳ። አየሩ፣ ገመዱ፣ ጓንቱ፣ የመመለሻ ሰዓቱ፣ ሁሉም የሚሰላው «ዓይኔ አይሠራም» በሚል ነው። ይህን በተግባር እንዴት እንደምታደርጉት ደረጃ በደረጃ እነግራችኋለሁ።

የምናገረው ስለ ብሪታንያ ዋሻዎች ነው። የዋሻው ጣሪያ ወርዶ ውሃ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ እዚህ «ሰምፕ» ይሉታል። ውሃው ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። መተላለፊያው ጠባብ፣ ወለሉ ደለል፣ ወደ ቦታው የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ራሱ ዋሻ ነው። በሆዳችሁ እየተሳባችሁ፣ ዕቃችሁን እየጎተታችሁ ነው የምትደርሱት።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው

ይህ ጽሑፍ ሥልጠናን አይተካም። የባሕር ዳይቪንግ ፈቃድ ለዚህ ምንም ያህል የቆየ ቢሆን አይበቃም። ባሕር ላይ ችግር ሲመጣ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። እዚህ ወደ ላይ ድንጋይ ነው። መውጫው በመጣችሁበት መንገድ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሁለት የአየር ሲሊንደሮች፣ በሁለቱም ጎን የሚታሰሩ። እያንዳንዱ የራሱ ሬጉሌተር (አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያደርሰው መተንፈሻ) እና የራሱ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለው። በጎን የሚታሰሩት ለጠባብ ቦታ ስለሚመቹ ብቻ አይደለም። ቫልቮቹ በእጃችሁ ሥር ስለሚሆኑ ሳታዩ መዝጋት ትችላላችሁ።
- ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ሬጉሌተር። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት ከ10 ዲግሪ በታች ያልተፈተነ ሬጉሌተር ላይ «ከ10 ዲግሪ በላይ» የሚል ምልክት ይታተማል። እሱን ትታችሁ ሌላ ግዙ።
- ድራይ ሱት (ውሃ የማያስገባ የጠላቂ ልብስ)፣ ከሥሩ ወፍራም ሙቀት ያዥ ልብስ፣ ወፍራም የራስ መሸፈኛና ጓንት።
- ሄልሜት፣ በላዩ ቢያንስ ሦስት ባትሪ። አንዱ ዋና፣ ሁለቱ መጠባበቂያ። እያንዳንዱ ብቻውን ሙሉውን ጉዞ የሚያበራ መሆን አለበት።
- ዋናው የገመድ ማጠንጠኛ፣ እና ሌላ ትንሽ የመፈለጊያ ማጠንጠኛ። ትንሹ ቢያንስ 30 ሜትር ገመድ ይኑረው።
- ገመዱን ድንጋይ ላይ ማሰሪያ ላስቲክ። ከመኪና ካላማዳሪ በቀለበት በቀለበት ተቆርጦ የሚሠራው ከሁሉም ይሻላል። ድንጋይ ላይ ይጠመጠማል፣ በወፍራም ጓንትም ይታሰራል።
- ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶች፣ ለማሰሪያ ድንጋይ በሌለበት ደለል ላይ ገመድ ለማስቀመጥ።
- የአቅጣጫ ቀስቶች። በጨለማ በጣት ሲዳሰሱ ጫፋቸው የሚታወቅ።
- ሁለት መቁረጫ፣ አንዱ በግራ እጅ አንዱ በቀኝ እጅ የሚደረስበት።
- መጠባበቂያ ማስክ፣ የጥልቀት መለኪያ፣ ኮምፓስ፣ ውሃ ውስጥ የሚጻፍበት ሰሌዳ።

ስኖርክል (ውሃ ላይ ተንሳፍፈው የሚተነፍሱበት ቱቦ) አታምጡ። ገመድ ከመያዝ በቀር እዚህ ሥራ የለውም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ የዋሻ ሰው ሁኑ

ብሪታንያ ውስጥ ነገሩ የሚጀምረው ከዋሻ ክለብ ነው። በደረቅ ዋሻ መሳብ፣ በገመድ መውረድ፣ ብርድና ጭቃ መልመድ ይቀድማል። ከዚያ የዋሻ ጠላቂዎችን ማኅበር፣ ኬቭ ዳይቪንግ ግሩፕን ታገኛላችሁ። ልምድ ያላቸው አባላት አዲሱን ሰው ደረጃ በደረጃ ያሠለጥናሉ። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አልመጣም። ሰምፑ ጋ ስትደርሱ ከመንገዱ የተነሳ ደክማችሁና በርዷችሁ ከሆነ፣ መጥለቁን ሳትጀምሩ የማሰብ አቅማችሁን ግማሹን ጨርሳችኋል። ሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ የዋሻ ዳይቪንግ አስተማሪ ፈልጉ። የባሕር አስተማሪ አይሆንም።

ልምምዱን በገንዳና በክፍት ሐይቅ ጀምሩ። ማስካችሁን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑና ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ሆኖ ገመድ ተከትላችሁ ውጡ። ሬጉሌተር ለውጡ፣ ቫልቭ ዝጉ፣ ክፈቱ፣ ማስክ ለውጡ። ይህ ሁሉ ሳታስቡት በወፍራም ጓንት እስኪሠራ ድረስ ዋሻ ውስጥ አትግቡ።

ደረጃ 2፦ ሰማዩንና ውሃውን ጠይቁ

የዋሻ ውሃ ከላይ ከመሬት የገባ ዝናብ ነው። ስለዚህ የምትገቡበትን ቦታ ሳይሆን ዝናቡ የሚወርድበትን ቦታ ትንበያ ተመልከቱ። ምሳሌ ልስጣችሁ፦ ሜንዲፕ ላይ ፕሪዲ መንደር አጠገብ ስዊልደንስ ሆል የተባለው ዋሻ ውስጥ የሚገባው ጅረት ከመሬት በታች ተጉዞ ዉኪ ሆል በተባለው ሌላ ዋሻ ይወጣል። ዉኪ ላይ ፀሐይ ቢሆን እንኳ ፕሪዲ ላይ የጣለው ዝናብ እናንተ ጋ ይደርሳል። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ይገፋል፣ ደረቅ የነበረው መንገድም ይዘጋል። ከባድ ዝናብ በቅርብ ጥሎ ከሆነ ወይም ይጥላል ከተባለ ቀኑን ለውጡ።

የመግቢያ ፈቃድም አሁን ነው የሚጠየቀው። ብዙ ዋሻዎች በግል መሬት ላይ ናቸው። የአካባቢው ክለብ ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ከዚያ መሬት ላይ ለሚቀር ሰው ሁለት ሰዓት ስጡት። አንዱ እንወጣለን የምትሉበት፣ ሌላው ካልወጣችሁ እርዳታ የሚጠራበት። የዋሻውን ስምና የምትሄዱበትን ሰምፕ ጽፋችሁ ስጡት። እዚህ አገር 999 ተደውሎ መጀመሪያ ፖሊስ ይጠየቃል፣ ከዚያ «የዋሻ አደጋ ነው፣ የዋሻ ነፍስ አድን ቡድን እፈልጋለሁ» ይባላል። ይህን ያ ሰው በቃሉ ይያዘው። ድንጋጤ ላይ ሆኖ አምቡላንስ ብቻ ከጠራ ብዙ ጊዜ ይባክናል።

ደረጃ 3፦ አየራችሁን አስሉ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ብዙ ሰው «የሲሦ ሕግ» የሚባለውን ሰምቷል፦ ሲሦው ለመግባት፣ ሲሦው ለመውጣት፣ ሲሦው ለክፉ ቀን። ሕጉ ጥሩ ነው። ለድፍርስ ውሃ ግን አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ በቁጥር እንየው።

ሁለት ባለ 7 ሊትር ሲሊንደር አላችሁ እንበል፤ ሁለቱም 210 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። በሲሦ ሕግ ከእያንዳንዱ 70 ባር ተጠቅማችሁ ትዞራላችሁ። ለመግባት የተጠቀማችሁት 70 × 7 × 2 = 980 ሊትር ነው። አሁን በጣም ሩቁ ቦታ ላይ ሆናችሁ አንዱ ሬጉሌተር ተበላሸ። በቀረው ሲሊንደር ውስጥ ያለው 140 × 7 = 980 ሊትር ነው። ለመውጣት የሚያስፈልጋችሁ ልክ 980፣ ያላችሁም ልክ 980። ትርፍ ዜሮ።

ይህ የሚሠራው በገባችሁበት ፍጥነት ከወጣችሁ ብቻ ነው። በድፍርስ ውሃ ግን ገመዱን በእጅ እየዳሰሳችሁ፣ በየማሰሪያው እየቆማችሁ ነው የምትወጡት። መውጣት ከመግባት ይረዝማል። ችግር የገጠመው ሰው ደግሞ በፍጥነት ይተነፍሳል።

ስለዚህ በሩብ አስሉ። 210 ለ4 ሲካፈል 52 ከምናምን ይመጣል። ወደ ታች አጠጋጉትና 50 ባር በሉት። ለመግባት የተጠቀማችሁት 50 × 7 × 2 = 700 ሊትር ይሆናል። አንዱ ሲሊንደር ቢጠፋ በሌላው 160 × 7 = 1,120 ሊትር አለ። ትርፉ 420 ሊትር ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ 2 ባር ስለሆነ፣ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ 40 ሊትር ይፈልጋል። ትርፉ የሚሰጣችሁ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ደንግጣችሁ በእጥፍ ከተነፈሳችሁ አምስት ደቂቃ። ብዙ አይደለም። ግን ገመድ ፈልጎ ለማግኘት ወይም ከጥልፍልፍ ለመላቀቅ የምትጠቀሙበት ጊዜ ይኸው ነው። ለአዲስ ሰው፣ ለማያውቀው ቦታ፣ ከሩብም ያነሰ ቢሆን ይመረጣል።

ሦስት ነገር ጨምሩ፦

ግፊቱን የምታነቡት ሲሊንደሩ ውሃው ውስጥ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሙቅ ክፍል ውስጥ 210 ያነበበ ጌጅ ውሃው ውስጥ 8 ባር ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ሒሳቡን የምትሠሩት በቀነሰው ቁጥር ነው።

ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል ካልሆኑ ሒሳቡ የሚሠራው ባነሰው ነው።

እየገባችሁ በየ20 ባሩ ሬጉሌተር ቀይሩ። አንዱን ጨርሳችሁ ሌላውን ሙሉ ካስቀራችሁ፣ ሙሉው ሲበላሽ የቀራችሁ ባዶው ነው።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን ጭቃ ሳያገኘው አድርሱ

ሬጉሌተር በጭቃ ዋሻ ውስጥ ክፍቱን አይጎተትም። ውሃ በማያስገባ ጣሳ ውስጥ ይግባ። የሲሊንደሩ ቫልቭ አፍ ይከደን። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ቫልቩ ላይ ከቀረች ሬጉሌተሩ አየር መልቀቁን ላያቆም ይችላል። ውሃው ዳር ስትደርሱ ሁሉንም አጥባችሁ ግጠሙ፣ ፈትሹ። የሚያፈስ ነገር ካለ፣ ትንሽ አረፋም ብትሆን፣ የዛሬው ጉዞ ዕቃ ተሸክሞ መመለስ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ውሃው ውስጥ ግቡና ጠብቁ

ቀዝቃዛ ውሃ ፊታችሁን ሲነካው ትንፋሽ ይቆራረጣል። ይህ የሰውነት ምላሽ ነው፣ ፍርሃት አይደለም። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ይረጋጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ተንሳፋችሁ ፊታችሁን ነክራችሁ ጠብቁ። ትንፋሻችሁ ሳይረጋጋ ከጠለቃችሁ አየራችሁን የምታባክኑት ገና በር ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ ሬጉሌተሩን ከውሃ በላይ ደጋግማችሁ አትሞክሩ፣ አየር የሚያስለቅቀውን ቁልፉንም አትጫኑ። አየር ከሲሊንደር በፍጥነት ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ብርድ ላይ ብርድ ሲጨመር ሬጉሌተሩ ውስጡ በረዶ ይሠራና አየሩ ሳይቆም ይለቃል። በዚሁ ምክንያት ድራይ ሱት መሙላትና መተንፈስ በአንድ ጊዜ አይደረግም። አንዱን ጨርሳችሁ ሌላውን።

ከዚያ ጌጆቹን አንብቡ። የመመለሻውን ቁጥር፣ ማለትም ጌጁ ላይ ስታዩት የምትመለሱበትን ግፊት፣ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ሦስቱንም ባትሪ አብሩ፣ አጥፉ። ሁለቱንም መቁረጫ በየእጃችሁ ንኩ።

ደረጃ 6፦ ገመዱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ገመዱ የሚጀምረው ወደ ላይ ብትወጡ ክፍት አየር ከምታገኙበት ቦታ ነው። እዚያ በደንብ ይታሰራል፣ ትንሽ ገባ ብሎ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይታሰራል። የመጀመሪያው ቢፈታ ሁለተኛው ይይዛል።

ውፍረቱ ለጓንታችሁ የሚሆን ይሁን። ሙቅና ጥርት ባለ ውሃ 2 ሚሊ ሜትር ገመድ ይበቃል። በቀዘቀዘ ጣትና በወፍራም ጓንት ግን እሱን ይዛችሁ እንደሆነ እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ። 4 ሚሊ ሜትር ያዙ። በየ5 ሜትሩ ምልክት ይኑርበት፤ ምን ያህል እንደገባችሁና ምን ያህል እንደቀራችሁ በዳሰሳ ይነግራችኋል።

የተወጠረ ገመድ መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ ወደ ውስጠኛው ጥግ ይሳባል። እዚያ ጥግ ላይ ስንጥቅ ካለ ገመዱ ገብቶ ይቀመጣል። ገመድ ያለፈበት ስንጥቅ ግን ሰው አያሳልፍም። ስትገቡ እያያችሁ በሰፊው በኩል ታልፋላችሁ። ስትወጡ ሳታዩ ገመዱን ትከተሉና ስንጥቁ ውስጥ ትጣበቃላችሁ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ የሚሞቱበት ወጥመድ ነው። መከላከያው ከመታጠፊያው በፊትም በኋላም በላስቲክ ማሰር ነው፤ ገመዱ ሰው በሚያልፍበት በኩል ብቻ እንዲያልፍ። ድንጋይ ከሌለ እርሳስ አስቀምጡ።

ገመዱን አታላሉት። የላላ ገመድ ፊን (የእግር መቅዘፊያ) እና ቫልቭ ላይ ይጠመጠማል። መተላለፊያውን ከአንድ ግድግዳ ወደ ሌላው አታሻግሩት። ከተቻለ ዳር ለዳር፣ በአንድ ጎን ይሂድ።

መጀመሪያ አሥር ሜትር ያህል ከዘረጋችሁ በኋላ ቁሙ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ገመዱን ተከትላችሁ ትንሽ ተመለሱ። የሚይዛችሁ ነገር ካለ አሁኑኑ አስተካክሉ። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያሰራችሁት ገመድ ዓይን ለሌለው ሰው እንደሚሠራ የምታውቁትም እንዲህ ብቻ ነው።

ቀድሞ የተዘረጋ ገመድ ብታገኙስ? ብዙ ሰምፖች ውስጥ አለ። ጎርፍ ይበጥሰዋል፣ ይፈታዋል፣ ደለል ይቀብረዋል። ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ እየፈተሻችሁ ሂዱ፤ ማጠንጠኛችሁንም ይዛችሁ ግቡ። ሁለት ገመድ የሚገናኝበት ቦታ ስትደርሱ በመውጫው በኩል ባለው ገመድ ላይ ቀስት አስቀምጡ፤ ጫፉ ወደ መውጫ ይጠቁም። ካስቀመጣችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ዳስሱት። በዳሰሳ ካላወቃችሁት ምልክት አይደለም።

ደረጃ 7፦ አካሄድ

ገመዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ክብ ሠርታችሁ ያዙት። አትጎትቱት፤ ገመድ መንገድ ያሳያል እንጂ አይሸከምም። መጎተት ማሰሪያውን ይፈታል። መግፋት ካስፈለገ ድንጋይ ይዛችሁ ሰውነታችሁን ሳቡ። ፊን ወለሉን በመታ ቁጥር ደለል ይነሳል።

እርግጥ በጣም ጥሩ ጠላቂም ብትሆኑ ውሃው ይደፈርሳል። የምታወጡት አረፋ ከጣሪያው ላይ ጭቃ ያራግፋል። ስለዚህ የፍሰቱን አቅጣጫ እወቁ። ከፍሰቱ ተቃራኒ ስትገቡ ያነሳችሁት ደለል ከኋላችሁ ወደ መውጫው ይሄዳል። ፊት ለፊት ጥርት ያለ ውሃ ታያላችሁ፣ ዞር ስትሉ ግን ምንም የለም። ከፍሰቱ ጋር ስትገቡ ደግሞ ደለሉ አብሯችሁ ይሄዳል፤ ስትመለሱ ውሃው ሊጠራ ይችላል፣ ግን ፍሰቱን እየታገላችሁ ነው የምትወጡት፤ አየር ይበላል። ሁለተኛው ዓይነት ቦታ ከሩብ ያነሰ ሒሳብ የሚሻ ነው።

ባትሪው ብርሃኑ ጠበብ ያለ ቢሆን ይሻላል። ሰፊ ብርሃን ደለሉ ላይ ነጥሮ ዓይናችሁ ላይ ይመለሳል።

ጓደኛ ይዛችሁ ከሆነ የንክኪ ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ፦ እግር ወደፊት መግፋት «ሂድ»፣ ወደኋላ መሳብ «ተመለስ»፣ ጨበጥ ማድረግ «ቁም»። እዚህ አገር በጣም ጠባብ ሰምፕ ውስጥ ልምድ ያላቸው ሰዎች አንድ በአንድ ነው የሚገቡት። ጎን ለጎን መሆን በማይቻልበት ቦታ የኋላው ሰው የፊቱን መውጫ ሊዘጋ ይችላል። ያም ሆነ ይህ እያንዳንዱ ሰው ከማንም እርዳታ ሳይጠብቅ የሚወጣበትን ዕቃ ራሱ ይያዝ።

ደረጃ 8፦ መመለስ

የመመለሻው ቁጥር ላይ ከመድረሳችሁ በፊትም የሚያስመልሱ ነገሮች አሉ። አንዱ ባትሪ ከጠፋ። ገመዱ ተበጥሶ ካገኛችሁት። አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣት ጋር ማገናኘት ካቃታችሁ፣ እጃችሁ ቫልቭ መዝጋት ወደማይችልበት ደረጃ እየሄደ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፍጥነት ስለሚወስድ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ይከዳል። ምክንያቱን የማታውቁት ጭንቀትም በቂ ምክንያት ነው። ተመለሱ።

ስትዞሩ ገመዱን አትልቀቁ። ዓይን በማይሠራበት ቦታ መዞር አቅጣጫ ያምታታል። አውራ ጣታችሁን ወደ መውጫ አድርጋችሁ ገመዱን ያዙና ሰውነታችሁን በእጃችሁ ዙሪያ አዙሩ።

ማሰሪያ ላይ ስትደርሱ አንዱ እጅ ገመዱን እንደያዘ ሌላው ማሰሪያውን አልፎ ይያዝ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ይልቀቅ። ሁልጊዜ አንድ እጅ ገመድ ላይ።

ደረጃ 9፦ ነገር ሲበላሽ

ገመድ ከእጅ ቢጠፋ፦ ቁሙ። አትንቀሳቀሱ። ገመዱ ምናልባት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ባላችሁበት እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ በዙሪያችሁ አንቀሳቅሱ። ካጣችሁት ትንሹን ማጠንጠኛ አውጡና ጫፉን ድንጋይ ላይ ወይም እርሳስ ላይ እሰሩ። አሁን ያላችሁበትን ቦታ አታጡትም። ከዚያ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አቋርጣችሁ ፈልጉ፤ ገመዱ በመተላለፊያው ርዝመት የተዘረጋ ስለሆነ የሚያገኘው አቋርጦ የሚፈልግ ሰው ነው። ስታገኙት የመፈለጊያውን ገመድ እሰሩበት፤ በቀስቱ ወይም በውሃው ፍሰት አቅጣጫውን ሳታረጋግጡ አትሂዱ።

ገመድ ቢጠላለፍባችሁ፦ አትዙሩ፤ መዞር ይጠመጥማል። ትንሽ ወደኋላ ተመለሱና በእጃችሁ ዳስሱ። አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ቫልቭ ወይም የፊን ማሰሪያ ነው። መቁረጥ የመጨረሻው ነው። መቁረጥ ግድ ከሆነ በመጀመሪያ በመውጫው በኩል ያለውን ገመድ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከዚያ ከእጃችሁ ወደ ውስጥ ያለውን ቁረጡ። ከእናንተ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ግን የእሱን መንገድ መቁረጣችሁ ስለሆነ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት በትንሹ ማጠንጠኛ ሁለቱን ወገን አገናኙ።

ሬጉሌተር አየር መልቀቅ ካላቆመ፦ ወደ ሌላው ቀይሩ፣ የሚለቀውን ቫልቭ ዝጉ፣ ወደ መውጫ ተመለሱ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ባለ 7 ሊትር ሲሊንደር ዝም ከተባለ በጥቂት ደቂቃ ባዶ ይሆናል። በዘጋችሁት ውስጥ የቀረው ግን አሁንም የእናንተ ነው። በረዶው ሲሟሟ ከፍታችሁ ልትተነፍሱት ትችላላችሁ።

ገመዱ ስንጥቅ ውስጥ ከመራችሁ፦ አትግፉ። ወደኋላ ተመለሱ። አንድ እጅ ገመዱ ላይ እንዳለ በሌላው ሰፊውን በኩል ፈልጉ።

ደረጃ 10፦ አየር ያለበት ኪስ ውስጥ ብቅ ስትሉ

ሰምፑ መካከል ጣሪያው ከፍ ብሎ አየር የያዘበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ሬጉሌተራችሁን ከአፋችሁ አታውጡ። የተዘጋ ትንሽ ኪስ ውስጥ ኦክስጅን አንሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታትና ያለ ሥራ ማለክለክ ምልክቱ ነው፣ ግን ምልክቱን ስታውቁት ማሰብ ሊከብዳችሁ ጀምሯል።

ደረጃ 11፦ ከወጣችሁ በኋላ

መሬት ላይ ለሚጠብቃችሁ ሰው መውጣታችሁን ወዲያው ንገሩት፤ አለዚያ ነፍስ አድን ቡድን በከንቱ ይወጣል። እርጥቡን አውልቁ፣ ደረቅ ልበሱ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ። ጠለቅ ብላችሁ ከነበረ ከባዱን ዕቃ ወዲያው አትሸከሙ። ከጥልቀት በኋላ ከባድ ሥራ ናይትሮጅን በሰውነት ውስጥ አረፋ እንዲሠራ ሊያግዝ ይችላል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም ያልተለመደ ድካም ካለ «ይለፈኝ» ብላችሁ አትተኙ። ኦክስጅን ካለ ስጡ፣ 999 ደውሉ፣ ዳይቪንግ ላይ እንደነበራችሁ ተናገሩ።

ዕቃውን እዚያው ቀን እጠቡ፣ አድርቁ። ጭቃ ሬጉሌተር ውስጥ ከደረቀ መጥፎ ነው። እርጥብ ዕቃ ደግሞ የአንዱን ውሃ ተህዋስ ወደ ሌላው ያጓጉዛል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- «ዛሬ ውሃው ጥርት ብሏል» ብሎ በሲሦ ማስላት። ጥርት የሚለው ስትገቡ ነው።
- በሞቃት ገንዳ ብቻ ተለማምዶ መምጣት። ወፍራም ጓንት ሁሉንም ነገር ይለውጣል። ልምምዱ በምትገቡበት ጓንት ይሁን።
- የሌላ ሰው ገመድ ሳይፈትሹ ማመን።
- መጠባበቂያ ባትሪ ይዞ ቻርጁን አለማየት።
- ሲበርድ «ትንሽ ልጨምር» ማለት። ብርድ መጀመሪያ የሚነካው እጅን፣ ቀጥሎ ፍርድን ነው።
- ስዊልደንስ ሆል ውስጥ ያለውን አጭር ሰምፕ ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው፣ የተዘረጋውን ገመድ እየሳቡ ሲያልፉት አይቶ ሌላ ቦታ መሞከር። እዚያ ርዝመቱ የታወቀ፣ ገመዱ የተተከለ፣ ማዶው አየር እንዳለው የተረጋገጠ ነው። በማታውቁት ሰምፕ ውስጥ ትንፋሽ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይደረግም።
- ከጓደኛ ላለመለየት ብሎ ከራስ የመመለሻ ቁጥር በላይ መሄድ። ቡድኑ የሚመለሰው መጀመሪያ ቁጥሩ በደረሰው ሰው ነው። የሚመልሰውም ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም።